ጋሽ ሞገስ መጀመሪያ እጅ ያያሉ

ጋሽ ሞገስ ሰላም ብለው የጨበጡትን እጅ ቶሎ አይለቁም። ገልበጥ አድርገው ያያሉ፣ አውራ ጣቱን ጫን ጫን ያደርጋሉ፣ መዳፉን ይዳስሳሉ፤ ከዚያ "አንተ ጭነት ታወርዳለህ" ወይም "አንቺ ሰሞኑን ልብስ በእጅሽ ስታጥቢ ከርመሻል" ይላሉ። የማያውቃቸው ሰው ጠንቋይ ይመስሉታል። አንድ የአውቶቡስ ረዳትማ እጁን መንጭቆ "አባባ፣ ዕጣ ፈንታዬን አልጠየቅኩዎትም" ብሏቸው ሄደ። እሳቸው የሚፈልጉት ግን የሰውየውን ዕድል አይደለም። እስክሪብቶ ቢይዝ በየትኛው ጣቱ እንደሚደግፈው ማወቅ ብቻ ነው።

ይህን የማውቀው ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ነው። ብሌን እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት ከአስፋልቱ ዳር፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የጥሪ ካርድ አትማለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶም እሸጣለሁ። የእኔን ቤትና የጋሽ ሞገስን የእንጨት ሥራ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው። የእንጨቱ ብናኝ በምስማር ቀዳዳ ሁሉ እየሾለከ ኮፒ ማሽኔ ውስጥ ይገባና የሰው ማስረጃ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምርብኛል። በዚህ ጉዳይ ያልተጨቃጨቅንበት ሳምንት የለም። "ሰጋቱራዎን ይሰብስቡልኝ" ስላቸው "ሰጋቱራውንማ ሰብስቤዋለሁ፤ አንቺ ጋ የመጣው ያመለጠኝ ነው" ይሉኛል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ብሎ መጣላት ይቻላል?

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኔም ብሆን ነገር ካላየሁ የማያስችለኝ ሰው ነኝ። ማሽኔን ላጸዳ ብዬ ተነሥቼ እሳቸው በር ላይ ቆሜ የምገኝበት ቀን ይበዛል። ቶርኖአቸው መታየት ያለበት ነገር ነው። ቶርኖ ማለት እንጨቱን በሁለት ጫፉ ይዞ የሚያሽከረክር መሣሪያ ነው፤ የእሳቸው ግን የተገዛ ሳይሆን የተሰበሰበ ነው። ሞተሩ ከአንድ የሽንኩርት እርሻ የውሃ ፓምፕ የተረፈ ነው፤ ቺንጋው የመኪና ነው፤ መቀመጫው የፈረሰ የብረት በር ነው። መብራቱ ሲደክም ቶርኖውም አብሮ ይደክማል። ያን ጊዜ ጋሽ ሞገስ መሯቸውን አስቀምጠው ደጅ ይወጡና የአላፊ አግዳሚውን እጅ ያያሉ።

የተወለዱት ቀወት ገጠር ነው። በወጣትነታቸው ከአንድ አናጺ ዘንድ ተቀጥረው የአልጋ እግር ማዞር ተማሩ፤ ያንን ጉብ ጉብ ያለውን፣ ከታች እንደ ቲማቲም ድቡልቡል የሚለውን የድሮ አልጋ እግር። በዚህ ቆላ ሠርግ ደገሰ የተባለ ሁሉ አልጋ የሚያሠራው እሳቸው ዘንድ ነበር። ኋላ የብረት አልጋ በአይሱዙ እየተጫነ መጣና የእንጨቱን ገበያ ዘጋው። ጋሽ ሞገስ ሥራ ፈትተው በተቀመጡበት አንድ ከሰዓት የያዙት እስክሪብቶ ተሰነጠቀባቸው። ቀለም የያዘችውን ቀጭን ቱቦ አውጥተው ትንሽ አዩአትና "ይቺን የሚያክል ቀዳዳ እንጨት ውስጥ ይገባ ይሆን?" ብለው ተነሡ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ የማወቅ ጉጉት ነው።

መጀመሪያ ብዙ እንጨት ሰነጠቁ። አሁን ግን ቁራጩን መሃል ለመሃል በትሬፓኖ ይበሱታል፣ ቶርኖው ላይ ያስሩታል፣ መሮውን ብረቱ ላይ ደገፍ አድርገው ያስጠጋሉ። አራት ማዕዘን የነበረው እንጨት መጀመሪያ ይንገጫገጫል፤ ጥጉ እያለቀ ሲሄድ ድምፁ ይለሰልሳል። "አሁን ክብ ሆነ" ይላሉ ሳያዩ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው አሽተው ጉንጭ ላይ ቢያስነኩት የማይሰማ ያደርጉታል። ልስላሴው ላይ ቀልድ አያውቁም። የሠሩትን የምሸጥላቸው እኔ ነኝ፤ መስታወቱ ውስጥ ደርድሬዋለሁ። ማን የእንጨት እስክሪብቶ ይገዛል ብዬ ስቄባቸው ነበር። ተመራቂ ገዛው፣ መንገደኛ ገዛው፣ እኔ አፈርኩ።

ባለፈው ዓመት ሽንኩርት በሚነሳበት ሰሞን ፈይሩዝ የምትባል ልጅ የሠርግ ጥሪ ካርድ ልታሳትም መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቤተሰቦቿ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር ናቸው። ስለ ካርዱ እያወራን ሳለ ዓይኗ መስታወቱ ላይ ቀረ።

"ከዚህ የወፈረ አለ?" አለችኝ።

"ምን ያህል የወፈረ?"

"እጁን በደንብ መጨበጥ ለማይችል ሰው።"

ጋሽ ሞገስ በቆርቆሮው ወዲያ ማዶ ሞተራቸውን አጠፉ። ግድግዳችን እንዲህ ነው፤ ሹክሹክታ አይደብቅም። ብቅ አሉና ወሬውን ከእኔ እኩል ሰሙ። ሰውየው ያሳደጓት አያቷ ሼህ አንዋር ናቸው። በመንደራቸው ኒካህ ሲታሰር ወረቀቱን በእጃቸው የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ፤ የፈይሩዝን እናትም ኒካህ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደም ግፊት ጣላቸውና ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው። እግራቸው ተመለሰ፣ አንደበታቸው ተመለሰ፣ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ግን አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው ኒካህ ለማስጻፍ ከተማ መውጣት ጀመረ።

"ለእኔም ከተማ ያሉትን ሼህ አነጋግረውልኛል" አለች ፈይሩዝ። "ኒካሁማ በማንም ይጻፋል፤ ይታሰራል። ግን የእኔን ካልጻፉ ከዚህ በኋላ የማንንም አይጽፉም። አውቃቸዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጭ ብለው ሞታቸውን ነው የሚጠብቁት።"

ጋሽ ሞገስ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ "እጃቸውን ልየው።"

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ አብሬ ሄድኩ። ማን ጠራሽ ብትሉኝ ማንም። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ በመስኖ ቦዩ ዳር እየተንገጫገጨ አደረሰን። ሼህ አንዋር ግቢያቸው ውስጥ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ገና በማዳበሪያ ያልገባ ሽንኩርት ተቆልሏል። ጋሽ ሞገስ እጅ ሲዘረጉ ሼሁ ቀኛቸውን ሰጡ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው የቀሩ ናቸው። ጋሽ ሞገስ፣ እኔ እንኳ ገረመኝ፣ የያዙትን እጅ ሳያገላብጡ ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ማሾ፣ ስለ ዝናብ ሲያወሩ ዓይናቸው የሼሁ ግራ እጅ ላይ ነበር። ሼሁ የታሰረ የማዳበሪያ አፍ በግራ እጃቸው ብቻ ፈቱ፤ ገመዱን ጠቅልለው ጉልበታቸው ሥር አስቀመጡ። ስንመለስ ጋሽ ሞገስ ባጃጁ ውስጥ ደስ ብሏቸው "ግራው ጎበዝ ነው" አሉኝ።

"ጠይቀዋቸዋል ግን?"

"ሰውን ያቃተውን እየጠየቁ ማሳፈር ምን ይባላል፤ ሠርቼ እሰጣቸዋለሁ እንጂ።"

ከደብረ ሲና በኩል ያስመጡት፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ወይራ ነበራቸው። እሱን አወጡ። ወፈር ያለ፣ ለግራ አውራ ጣት ጎድጎድ ያለ ቦታ የተተወለት፣ ማር የመሰለ እስክሪብቶ ሠሩ። እንዲያ ያለ እስክሪብቶ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ለራሴ ባስቀረሁት ብዬ ተመኘሁ።

አብረን ሄደን ሲሰጧቸው ሼህ አንዋር እንደ ደንቡ ቀኛቸውን ዘረጉ። እስክሪብቶው ከታጠፉት ጣቶች መሃል ሾልኮ አፈር ላይ ወደቀ።

"በግራዎ ነው፣ በግራዎ ይሞክሩት" አሉ ጋሽ ሞገስ። "ለግራ ነው የሠራሁት።"

ፈይሩዝ አንገቷን ደፋች። ሼህ አንዋር ግን አልተቆጡም። እስክሪብቶውን አስነሥተው አዩት፤ "ማሻ አላህ፣ ውብ ነው" አሉ። ከዚያ ጋሽ ሞገስን ቀና ብለው አዩአቸውና "አንተ ሞገስ፣ እንግዳ ቤትህ ቢመጣ ውሃ በየትኛው እጅህ ነው የምትሰጠው?" አሏቸው።

"በቀኜ።"

"ታዲያ እኔ የአላህን ስም ጠርቼ የሁለት ልጆችን ትዳር በየትኛው ልጻፈው? ቀኝህ ታሟልና በግራህ ብትጽፍ ችግር የለውም ያሉኝ አሉ። እውነታቸውን ይሆናል፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው አልፈርድበትም። እኔን ግን ልቤ እሺ አይለኝም።"

ተናደድኩ፤ በሼሁ ሳይሆን በጋሽ ሞገስ። እኛስ ቤት ቢሆን በግራ ይጎረሳል? በግራ ሰላም ይባላል? ይህን ያህል ዕድሜ እዚህ አገር ኖረው፣ አንድ ቃል ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ወይራ አያልቅም፣ ሽማግሌውም በልጅ ልጃቸው ፊት እስክሪብቶ አይወድቅባቸውም ነበር። አላሳፍርም ብለው ይኸው አሳፈሩ። ፊቴ ላይ ያነበቡት መሰለኝ፤ ጆሯቸው ቀላ። ይቅርታ ጠይቀው ይነሣሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ በርጩማቸውን ወደ ሼሁ አስጠጉ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ" አሉ። "አሁን ልጠይቅ። ቀኙ ምን ይችላል?"

ሼህ አንዋር እጃቸውን አዩት። ያ እጅ የማይችለውን የጠየቀ ሐኪም ሞልቷል፤ የሚችለውን የጠየቀ አልነበረም መሰለኝ። "ዱላ ይይዛል" አሉ። "አንዴ ከያዘ ደግሞ አይለቅም። በግራዬ ነው የማስለቅቀው።" አሳዩን። የዱላው ራስ መዳፋቸው ውስጥ ሲገባ ጣቶቹ ተከትለው ተሰበሰቡበት። ጠንካራ ጭብጥ ነው።

ጋሽ ሞገስ ዞር ዞር አሉና ከክምሩ አንድ ሽንኩርት አነሡ። "ይቺን ይያዙልኝ።" አነሰች። ሌላ ሰጡ፤ ተለቀች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሳቅ ነበር። ፈይሩዝ ታቀብላለች፣ እኔ ከክምሩ እመርጣለሁ፣ ጎረቤት ሴቶች መጥተው "እሱ ረዘመ፣ ያኛውን ሞክሩት" ይላሉ። ሼሁ ራሳቸው "ሸማች እንኳ እንዲህ አያማርጥም" እያሉ ይስቃሉ። በመጨረሻ ወገቧ ሰፋ፣ ጫፏ ሾጠጥ ያለች አንዷ መዳፋቸው ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ጋሽ ሞገስ ከኪሳቸው የላስቲክ እስክሪብቶ አውጥተው ሽንኩርቷን በሰያፍ ወጓት፤ ጫፉ በታች ብቅ አለ። ካርቶን ቀርቦ ጉልበታቸው ላይ ተደረገ።

"በሽንኩርት ግን የአላህን ስም አልጽፍም" አሉ ሼህ አንዋር። "የዚችን ልጅ ስም ልጻፍ።"

ከጣት አልነበረም የጻፉት፤ ከትከሻቸው ነበር። ክንዳቸው ከነሽንኩርቱ ከቀኝ ወደ ግራ እየተጎተተ ሄደ። የዓረብኛ ፊደል አላነብም፤ ፈይሩዝ ግን ካርቶኑን ገና ሳይጨርሱት አነበበችው። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሽንኩርቱን ሰበብ አላደርግም።

ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነበር። ወይራው ለዚህ ከባድ ነው፣ ክንዱን ያደክማል ብለው ጋሽ ሞገስ ዋንዛ መረጡ። ዋንዛ ቀላል ነው። የሽንኩርቷን ቅርጽ ቶርኖ ላይ ማውጣቱ ለአልጋ እግር ሠሪ ቀላል ሆነላቸው፤ ቀዳዳው ግን አስቸገረ። እንጨት ሲበሱ የኖሩት መሃል ለመሃል ነው፤ ይህ ጋደል ማለት አለበት። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ደህና ወጣ፤ ሼሁ ሲጽፉበት ግን መስመሩ ሁሉ ተጨማለቀ። ጋሽ ሞገስ ለምን እንደሆነ ቢጨንቃቸው እኔ ቤት መጥተው በቀኝ እጄ "ብሌን" ብዬ እንድጽፍ አደረጉኝ። ከግራ ወደ ቀኝ ስጽፍ እጄ ባዶው ወረቀት ላይ ይሄዳል። ሼሁ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጽፉ ግን እጃቸው ቀድሞ የተጻፈው ላይ ነው የሚያልፈው፤ ድቡልቡሉ እንጨት ያልደረቀውን ቀለም ይጠርገዋል። "አየሽ ይሄን ነገር?" እያሉ ወረቀቱን ደጋግመው አዩት። በዚያ ቀን ደስታቸው ሌላ ነበር። ሦስተኛውን ጫፉ ረዘም እንዲል፣ እንጨቱ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ እንዲሄድ አደረጉት።

እሱም አንድ ጣጣ ነበረበት። እንደ ልማዳቸው አለስልሰውት ስለነበር ላብ በነካው መዳፍ ውስጥ ይሽከረከራል። ጋሽ ሞገስ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። የለሰለሰውን መልሰው ቶርኖው ላይ አሰሩና በመሮ ጫፍ ዙሪያውን ሸካራ መስመር አወጡበት። ብርጭቆ ወረቀት አላስነኩትም፣ ቫርኒሽ አልቀቡትም። "ሰው ቢያየው ማን እንደሠራው እንዳትናገሪ" አሉኝ። ምርር ብሏቸው ነበር። እኔ ግን ለሰው ሁሉ ነገርኩ።

ሼህ አንዋር በዚያ እንጨት ስንት ወረቀት እንደጨረሱ አላውቅም። ወረቀቱን የምልከው እኔ ነበርኩ፤ በጋሽ ሞገስ ብናኝ ምክንያት ተበላሽቶ የሚቀርብኝን ኮፒ ጀርባው ባዶ ስለሆነ በፈይሩዝ እጅ እሰድላቸዋለሁ። ሠርጉ ሲቃረብ ሼሁ ቃላቸውን ሰጡ፤ ይጽፋሉ፣ ግን ከአንድ ነገር ጋር። "እኔ ጽፌ እኔው ካነበብኩት ዋጋ የለውም" አሉ። "ከሙሽራው ወገን ጽሕፈቴን አይቶ የማያውቅ አንድ ሰው ተነሥቶ ያንብበው። ሳይደናቀፍ ከጨረሰው ኢንሻ አላህ ኒካሁ በዚያ ይጸናል። ከተደናቀፈ ከከተማ የሚመጡት ሼህ ይጽፉታል፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ብዕር አልጠይቅም።" ፈይሩዝ ብትለምናቸውም ንቅንቅ አላሉም።

የኒካሁ ቀን ወንዶቹ ዳስ ውስጥ፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርን። ፈይሩዝ በሙሽራ ልብሷ እጄን ጨብጣኝ ቆማለች። እሷን አስፈቅደው፣ የሚድራትን ወልይና ምስክሮቹን አስቀምጠው ሲያበቁ ሼህ አንዋር ፊት ሰፊ ጣውላ ተደረገ። ከከተማ የመጡት ሼህ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ በአክብሮት ከኪሳቸው የራሳቸውን እስክሪብቶ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ጋሽ ሞገስ ዳሱ ጥግ ላይ ነበሩ። የሚያዩት ሼሁን አልነበረም፤ እጁን ብቻ ነበር።

ሼህ አንዋር ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ቀስ ብለው ነበር የጻፉት፤ በጣም ቀስ ብለው። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ የሽቶና የላብ ሽታ ዳሱን ሞልቶታል፤ ሕፃን አለቀሰና እናቱ ይዛው ወጣች። አንዱ ሊያግዛቸው ወረቀቱን ያዝ ሲያደርግላቸው በዓይናቸው መለሱት። ፊደሎቹ ትልልቅ ነበሩና የሙሽሪትና የሙሽራው ስም ብቻ የገጹን እኩሌታ ጨረሰ። መህሩን፣ ለሙሽሪት የሚሰጠውን ጥሎሽ፣ ጽፈው ምስክሮቹ ላይ ሲደርሱ ገጹ አለቀ፤ ገልብጠው ቀጠሉ። ላባቸው ሲንጠባጠብ በግራ እጃቸው ነጠላቸውን ስበው ግንባራቸውን ጠረጉ። ቀኙ ሥራ ላይ ነበር።

ሲጨርሱ ወረቀቱን ለሙሽራው አጎት ሰጡ። ካሚል ይባላል፣ አጣዬ የሚነግድ ሰው ነው፤ ሼሁን ያየው በዚያን ቀን ነው። መነጽሩን አደረገና ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ስም መጋረጃው ጀርባ ድረስ ይሰማል። የሙሽራው ስም ተነበበ። "ፈይሩዝ" ሲል ልጅቷ እጄን ጨምቃ አሳመመችኝ። መህሩ ተነበበ። ከዚያ ዝም አለ። እኔ በዚያች ቅጽበት ሁሉ ነገር አለቀ አልኩ። ካሚል ወረቀቱን ገለበጠና የምስክሮቹን ስም እስከ መጨረሻው አነበበው።

ከከተማ የመጡት ሼህ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። "አላህ እጅዎን ይባርከው" አሉ። ዱዓ ተደረገ፤ ወንዶቹ እርስ በርስ ተጨባበጡ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ሼህ አንዋር ግን አልተጨባበጡም። ሰው ሁሉ እጁን ሲዘረጋላቸው ቀኛቸው እንደተዘጋ ነበር፤ እንጨቱን ይዞ ቀርቷል። ፈይሩዝ ይህን ስታይ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሙሽራ እዚያ ሰዓት ወንዶች መሃል አትወጣም፤ አክስቶቿ ቀሚሷን ቢይዟት አልቆመችም። አያቷ ፊት ተንበርክካ በሁለት እጇ ያንን እጅ ያዘችና ከትንሿ ጣት ጀምራ ቀስ አድርጋ ልትዘረጋላቸው ጀመረች።

ሼህ አንዋር እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

"ተይው ልጄ" አሏት። "ትንሽ ይዤው ልቆይ።"